«ካናዳ ሁለት ቋንቋ አይደል እንዴ? ታዲያ ለምን በፈረንሳይኛ ብቻ ይጽፉልኛል?»

ጥያቄው

«ጤና ይስጥልኝ። ከልጄ ጋር ሞንትሪያል ከገባሁ አራት ወር ሆነኝ። ጥገኝነት ጠይቄ ችሎት እየጠበቅኩ ነው። እንግሊዝኛ እችላለሁ፤ አዲስ አበባ እያለሁ ሥራዬም በእንግሊዝኛ ነበር። ፈረንሳይኛዬ ግን ከቦንዡር አያልፍም። የዘጠኝ ዓመት ልጄን እንግሊዝኛ ትምህርት ቤት ላስገባው ስል ‹አይቻልም፣ በፈረንሳይኛ ነው የሚማረው› አሉኝ። ደብዳቤዎች በፈረንሳይኛ ይመጡብኛል። ካልጋሪ ያለው የአክስቴ ልጅ ‹ካናዳ ሁለት ቋንቋ ነው፣ መብትሽን ጠይቂ፤ እምቢ ካሉሽ ወደዚህ ነይ› ይለኛል። ችሎቱስ በእንግሊዝኛ ይሁን ወይስ በአማርኛ? አስተርጓሚው አበሻ ከሆነ ጉዳዬ ሰፈር ለሰፈር ይወራል ብዬም ፈርቻለሁ። አዲስ አበባ ያለችው እህቴ ደግሞ ፈረንሳይኛ ተምራለች። ለመምጣት ይጠቅማት ይሆን?»

መልሱ

እህቴ፣ አንቺ ብልሽ አይክፋሽ። እኔ መጀመሪያ አስተርጓሚ ነበርኩ፤ በኋላ ሕግ ተምሬ የስደተኞችን ኬስ ይዤ ቀረሁ። ያንቺን ዓይነት ጥያቄ በሳምንት አንዴ ሳልሰማ አልቀርም። ብዙ ጊዜ ሥሩ የአክስትሽ ልጅ ያላት ነገር ናት፦ ካናዳ ሁለት ቋንቋ ነው።

ነው፤ አልዋሸሽም። ግን አንቺ በገባሽበት ቢሮ ሁሉ ከሁለቱ የወደድሽውን ትመርጫለሽ ማለት አይደለም። ሃያ ዓመት የኖሩ ሰዎችም ይህን ያምታቱታል። (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው። ስለ አቆጣጠር ከታች የምለው አለኝ።)

በ1969 የኦፊሴላዊ ቋንቋዎች ሕግ ወጣ። በ1982 ደግሞ የመብቶችና የነፃነቶች ቻርተር ሕገ መንግሥቱ ውስጥ ገባ። እነዚህ እንግሊዝኛንና ፈረንሳይኛን እኩል ያደረጉት በፌዴራል መንግሥቱ ቤት ነው። ፓርላማው፣ የፌዴራል ፍርድ ቤቶች፣ ፓስፖርት፣ የፌዴራል ግብር፣ ኢሚግሬሽን። ፕሮቪንሶቹ፣ ማለትም ክፍለ ግዛቶቹ፣ በራሳቸው ቤት የራሳቸው ጌታ ናቸው። ከአሥሩ ውስጥ ሁለቱንም ቋንቋ ኦፊሴላዊ ያደረገችው ኒው ብራንዝዊክ ብቻ ናት። ሞንትሪያል ያለችባት ኩዊቤክ ኦፊሴላዊ ቋንቋዋ አንድ ነው፤ ፈረንሳይኛ። የአክስትሽ ልጅ እስቲ ካልጋሪ መንጃ ፈቃድ የሚያወጣበት ሄዶ «በፈረንሳይኛ አስተናግዱኝ» ብሎ ይሞክረው። በ2021 ቆጠራ ሁለቱንም ቋንቋ አንድ ላይ መናገር የሚችለው ሰው ከመቶ 18 ነበር። አገሪቱ ሁለት ቋንቋ አላት፤ ሰዉ ግን አብዛኛው አንድ ነው ያለው።

ስለዚህ ደብዳቤ ሲመጣልሽ ከማንበብሽ በፊት ምልክቱን እዪው። «ካናዳ» የሚለው ጽሑፍ ላይ ትንሽ ባንዲራ ካለችበት የፌዴራል ነው። «ኬቤክ» ብሎ ሰማያዊ ባንዲራ፣ ነጭ አበባ ያለበት ከሆነ የፕሮቪንሷ ነው። የጥገኝነት ኬስሽ፣ የሥራ ፈቃድሽ፣ ጊዜያዊው የጤና ሽፋንሽ፣ እነዚህ የፌዴራል ናቸው። እዚያ «በእንግሊዝኛ ጻፉልኝ» ማለት መብትሽ ነው፤ ሞንትሪያል ብትሆኚም። ትምህርት ቤት፣ ዌልፌር፣ መንጃ ፈቃድ የኩዊቤክ ናቸው። እዚያ ጨዋታው ሌላ ነው።

ኩዊቤክ በ2022 ሕግ 96 የሚባለውን አወጣች። ከሰኔ 1 ቀን 2023 ጀምሮ የፕሮቪንሷ መንግሥት አዲስ ከገባ ሰው ጋር በሌላ ቋንቋ መጻጻፍ የሚችለው ለመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት ነው። ከዚያ በኋላ በፈረንሳይኛ ብቻ ነው። አንቺ አራት ወር ሆኖሻል። ሁለት ወር ቀርቶሻል ማለት ነው፤ ዛሬውኑ ደውለሽ ያልገባሽን በእንግሊዝኛ አስረጂኝ በይ። ስድስት ወር ፈረንሳይኛ ለመልመድ ይበቃል ወይ ብትዪኝ፣ አይበቃም። እኔ ይህን ድንጋጌ አልወደውም። ግን ሕግ ነው፤ ስላልወደድኩት አይቀርም።

ቀዳዳም አለው። ሕጉ ራሱ ጤናን፣ የሕዝብ ደህንነትንና የፍትሕ መሠረታዊ መርሆችን ከስድስት ወሩ ውጭ አድርጓል። ሐኪም በእንግሊዝኛ እንዳያነጋግርሽ የሚከለክል ነገር የለም። ሆስፒታል ስትሄጂ አስተርጓሚ ይምጣልኝ ማለት ትችያለሽ፤ ሞንትሪያል ውስጥ ለጤናና ለማኅበራዊ አገልግሎት ተብሎ የተደራጀ የአስተርጓሚዎች ቋት አለ። አደራሽን፣ ልጅሽን አስተርጓሚ አታድርጊው። በሦስት ወሩ ፈረንሳይኛውን ያንበለብለዋል፣ አንቺም ይመችሻል፤ ግን የእናቱን የማኅፀን ምርመራ ውጤት የሚተረጉም የዘጠኝ ዓመት ልጅ አይቼ አውቃለሁ።

የቤት ኪራይ ውልና የስልክ ውል ላይም አንድ ነገር ልበልሽ። የኪራይ ውሉ በፈረንሳይኛ ነው የሚዘጋጀው፤ ሁለታችሁም ከተስማማችሁ ግን በእንግሊዝኛ መሆን ይችላል፣ የተዘጋጀ ቅጽም አለው። ድርጅቱ ራሱ አዘጋጅቶ «ፈርሚ» የሚልሽ ውል ከሆነ መጀመሪያ የፈረንሳይኛውን ሊያሳይሽ ይገባል፤ ከዚያ እንግሊዝኛውን መምረጥ ትችያለሽ። ያልገባሽ ወረቀት ላይ አትፈርሚ። ይኼኛው ሕግ አይደለም፣ እኔ ነኝ የምልሽ።

አሁን ወደ ልጅሽ። እዚህ ላይ ትንሽ ታሪክ ካልነገርኩሽ ነገሩ ጥላቻ ይመስልሻል።

በ1960ዎቹ ኩዊቤክ ውስጥ አብዛኛው ሕዝብ ፈረንሳይኛ ተናጋሪ ነበር። ገንዘቡና ትልልቁ ሥራ ግን በእንግሊዝኛ ነበር የሚሄደው። የሚመጣው ስደተኛ ይህን አይቶ ልጁን እንግሊዝኛ ትምህርት ቤት ያስገባል። ሞኝ አይደለማ! የወሊድ ቁጥር ደግሞ እየወረደ ነበር። ፈረንሳይኛ ተናጋሪዎቹ ቁጭ ብለው ሲያሰሉት፣ ስደተኛው ሁሉ ወደ እንግሊዝኛ ከሄደ ሞንትሪያል ከእጃቸው ልትወጣ ነው። በ1968 ሴን ሌዮናር በምትባል የሞንትሪያል ዳር ከተማ የትምህርት ቦርዱ የስደተኛ ልጆች በፈረንሳይኛ ብቻ ይማሩ ብሎ ወሰነ። እዚያ የሰፈሩት ጣሊያኖች እምቢ አሉ። በ1969 ነገሩ መንገድ ላይ ወጥቶ ብጥብጥ ሆነ። ከዚያ ሕግ በሕግ ላይ መጣ። የ1974ቱ ሕግ ትንንሽ ልጆችን እንግሊዝኛ ይችላሉ አይችሉም ብሎ እስከ መፈተን ደርሶ ነበር። በመጨረሻ ነሐሴ 26 ቀን 1977 በሬኔ ሌቬክ መንግሥት ጊዜ፣ ካሚ ሎራን በሚባለው ሚኒስትር አርቃቂነት፣ የፈረንሳይኛ ቋንቋ ቻርተር ጸደቀ። ሰዉ «ሕግ 101» ነው የሚለው።

ስለዚህ ሕጉ የወጣው ልክ እንዳንቺ ልጅ ላለ ልጅ ነው። በስህተት የነካሽ አይምሰልሽ፤ ዒላማው ራሱ የስደተኛ ልጅ ነበር። የመጣ ሰው ልጁን እስከ ሁለተኛ ደረጃ መጨረሻ ድረስ በመንግሥት ገንዘብ በሚሠራ ትምህርት ቤት የሚያስተምረው በፈረንሳይኛ ነው። ከመንግሥት ምንም ድጎማ የማይቀበል የግል ትምህርት ቤት ከዚህ ውጭ ነው፤ ክፍያውን ስትሰሚ ግን ትተዪዋለሽ።

«እንግሊዝኛ ትምህርት ቤቶች እኮ አሉ፣ ዓይኔ እያየ» ትዪኝ ይሆናል። አሉ። በዋናነት እዚያ ለኖረው የእንግሊዝኛ ተናጋሪ ማኅበረሰብ የተጠበቁ ናቸው። በዋናው ደንብ ልጁ እዚያ የሚገባው ወላጁ የካናዳ ዜጋ ሆኖ፣ ወላጁ ወይም ልጁ አብዛኛውን የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ካናዳ ውስጥ በእንግሊዝኛ ሲማር ነው። አዲስ አበባ የተማርሽው እንግሊዝኛ፣ አክሰንትሽ የቱንም ያህል ቢያምር፣ እዚህ ውስጥ አይቆጠርም። ለጊዜው በሥራ ወይም በትምህርት ፈቃድ ለሚመጡ ሰዎች ልጆች እስከ ሦስት ዓመት የሚሰጥ ጊዜያዊ ፈቃድ አለ። ጥገኝነት ጠያቂ በእሱ ላይ ተስፋ ባይጥል ይሻላል።

በመብት ቋንቋ ስናየው የካናዳ የቋንቋ መብት የተሰፋው ለግለሰብ ምርጫ አይደለም፤ ለሁለት የቆዩ ማኅበረሰቦች ነው። ኦንታሪዮ ያለው ፈረንሳይኛ ተናጋሪ፣ ኩዊቤክ ያለው እንግሊዝኛ ተናጋሪ። እኛ ከውጭ መጥተን ከሁለቱ በአንዱ መኪና ላይ ነው የምንሳፈረው። የትኛው መኪና የሚለውን ደግሞ የምትኖሪበት ፕሮቪንስ ይወስንልሻል።

ለልጅሽ ብዙም አትጨነቂ። መጀመሪያ «አኬይ» የሚሉት የመቀበያ ክፍል ውስጥ ይገባል፤ ፈረንሳይኛ ለማያውቁ ልጆች የተዘጋጀ ነው። እንግሊዝኛም በትምህርት ዓይነት ይማራል። ሞንትሪያል ያደጉ የአበሻ ልጆች ሦስት ቋንቋ ይዘው ነው የሚወጡት። የሚጠፋው አማርኛው ነው፤ እሱን ቤት ውስጥ ያዢው።

አንቺ ራስሽ ደግሞ ፍራንሲዛሲዮን ኬቤክ በሚባለው መሥሪያ ቤት ተመዝገቢ። ከ2023 ጀምሮ የፈረንሳይኛ ትምህርቱን በአንድ በር የሚያስተናግደው እሱ ነው። ትምህርቱ ነፃ ነው፤ በኢንተርኔት ይመዘገባል። ወረፋ ሊኖር ስለሚችል ችሎቴ ካለፈ በኋላ እያልሽ አትቆዪ።

አሁን ወደ ዋናው፤ ወደ ችሎቱ። ስለ ልጅሽ ትምህርት ቤት የነገርኩሽን ብትረሺ አይጎዳሽም። ይኼን ግን አትርሺ።

የጥገኝነት ቅጹ ላይ ስለ ቋንቋ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ትጠየቂያለሽ። ሰዉ አንድ አድርጎ ያነባቸዋል። አንዱ የችሎቱ ቋንቋ ነው፤ እንግሊዝኛ ወይም ፈረንሳይኛ። ሁለተኛው አስተርጓሚ ትፈልጊያለሽ ወይ፣ በምን ቋንቋ የሚለው ነው። ስለዚህ «እንግሊዝኛ ወይስ አማርኛ?» ላልሽኝ መልሴ ሁለቱም ነው። ችሎቱ በእንግሊዝኛ፣ አስተርጓሚው በአማርኛ።

ለምን እንግሊዝኛ? ኬስሽን የሚያየው የኢሚግሬሽንና የስደተኞች ቦርድ የፌዴራል ነው። ሞንትሪያል ቢሮውም ቢሆን ሕግ 96 አይገዛውም። ችሎቱ በፈረንሳይኛ ከሆነ አስተርጓሚው ያንቺን ቃል ወደ ፈረንሳይኛ ሲያዞረው ምን እንዳለ አታውቂም። በእንግሊዝኛ ከሆነ ጆሮሽ ይከታተለዋል። ውሳኔ የሚሰጠው ሰው አማርኛሽን አይሰማም። እሱ የሚመዝነው ከአስተርጓሚው አፍ የወጣውን ነው። ጠበቃሽ በእንግሊዝኛ የሚሠራ መሆኑንም ከአሁኑ ጠይቂ። ቅጹን ሞልተሽ ፈረንሳይኛ ተመርጦብሽ ከሆነም አልረፈደም፤ ከችሎቱ 10 ቀን በፊት በጽሑፍ ካሳወቅሽ ይቀየራል። የአስተርጓሚውም ቋንቋ እንደዚሁ።

ለምን አማርኛ? «እንግሊዝኛ እችላለሁ» ማለትሽን አምናለሁ። የቢሮ እንግሊዝኛ ነው ግን። በዚያ ክፍል የምትጠየቂው በሕይወትሽ የከፋውን ቀን ነው፤ ያ ቀን በእንግሊዝኛ አልደረሰብሽም። «በእንግሊዝኛ ካወራሁ የተማርኩ መሆኔን ያዩልኛል» ብለው ገብተው፣ የሚያውቁትን ሦስት ቅጽል እየደጋገሙ ታሪካቸው ሳስቶ የቀረባቸው ሰዎች ብዙ ናቸው። ደግሞ ነፃ ነው፤ ቦርዱ ነው የሚከፍለው። ኦሮምኛ ወይም ትግርኛ የአፍ መፍቻው የሆነ ሰው ካለ የራሱን ይጠይቅ፤ አማርኛ ይሻላል የሚል ሕግ የለም። እንግሊዝኛ ስለምትሰሚ አንድ ነገር ልምከርሽ፦ ጥያቄው ተተርጉሞ ሳያልቅ አትመልሺ። ግማሹን በአማርኛ ግማሹን በእንግሊዝኛ ከመለስሽ ቅጂው ላይ የማን ቃል የማን እንደሆነ ይጠፋል።

አስተርጓሚ የማግኘት መብት ከላይ ካልኩሽ የሁለት ቋንቋ ነገር ጋር አይገናኝም። የመብቶችና የነፃነቶች ቻርተሩ አንቀጽ 14 ላይ ነው ያለው። ተከራካሪም ምስክርም የሆነ ማንኛውም ሰው፣ ችሎቱ የሚካሄድበትን ቋንቋ ካልቻለ ወይም መስማት የተሳነው ከሆነ፣ አስተርጓሚ ይገባዋል። በካናዳ ሕገ መንግሥት ውስጥ አማርኛ ተናጋሪ በአማርኛነቱ የሚይዘው ጠንካራ ገመድ ይኼ ነው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1994 ትራን በሚባለው ጉዳይ መለኪያውን አስቀመጠ፦ ትርጉሙ ያልተቋረጠ፣ ያልተዛባ፣ ብቃት ባለው ሰው የተሠራ፣ ገለልተኛ፣ ንግግሩ እየተካሄደ የሚቀርብ መሆን አለበት። በ2001 ደግሞ የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት ሞሐማዲያን በተባለው የስደተኛ ጉዳይ ይኸው መለኪያ ለስደተኞችም ይሠራል አለ። አንድ ጥብቅ ነገር ግን ጨመረበት። ትርጉሙ ከተበላሸ ቅሬታሽን በመጀመሪያው አጋጣሚ፣ ማለትም እዚያው ችሎቱ ላይ ማሰማት አለብሽ። ዝም ብለሽ ወጥተሽ፣ ከተፈረደብሽ በኋላ «አስተርጓሚው አጥፍቶብኝ ነው» ብትዪ በሩ ተዘግቷል ማለት ይቻላል።

እኛ ደግሞ ይሉኝታ አለብን። አስተርጓሚው ትልቅ ሰው ናቸው፣ እንዴት ብዬ ላርማቸው ትያለሽ። አርሚያቸው። እጅሽን አንሺና «እኔ ያልኩት እንዲህ ነው» በይ። እኔ ራሴ አስተርጓሚ ሳለሁ ታርሜ አውቃለሁ። እንዲህ ነበር። አንዲት ልጅ ስለ አባቷ እየተናገረች «ሌሊት መጥተው ወሰዷቸው፤ እስካሁን አልተመለሱም» አለች። እኔ ብዙ ቁጥር አድርጌ ተረጎምኩት። «ስንት ሰው ነው የተወሰደው?» አላት ዳኛው። ቅጹ ላይ አባቷ ብቻ ነው ያለው። ልጅቷ ቀና ብላ አየችኝና «አንቱታ ነው እኮ» አለችኝ። ፊቴ ቀላ። ባትናገር ኖሮ እንደ ቅራኔ ተጽፎባት ይቀር ነበር።

እንዲህ ያሉ ወጥመዶች የቋንቋችን ናቸው። አንቱታ አንዱ ነው። ዝምድና ሌላው። የአክስትሽን ልጅ ለእኔ «የአክስቴ ልጅ» ብለሽ ጻፍሽልኝ፤ ስታወሪ ግን «ወንድሜ» እንደምትዪው እርግጠኛ ነኝ። ቅጹ ላይ ስንት ወንድም አለሽ ተብለሽ ሞልተሻል። ችሎት ላይ «ካልጋሪ ወንድሜ ጋ ደወልኩ» ካልሽ ያልተጻፈ ወንድም ተገኘ ማለት ነው። «ደህንነቶች መጡ» ብትዪ፣ ያልነቃ አስተርጓሚ «ሴኪዩሪቲ» ይለዋል፤ ዳኛው በር ላይ የቆመ ዘበኛ ይታየዋል። ማን እንደላካቸው፣ ምን እንደለበሱ ጨምሪበት።

ሰዓትና ቀን ደግሞ ብቻቸውን ኬስ ያበላሻሉ። «ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት» ለእኛ ሊነጋ ሲል ነው፤ በፈረንጅ ከሌሊቱ 3 ሰዓት። በቁሙ ከተተረጎመ ግን ሰው ገና ራት ላይ ያለበት የምሽት 9 ይሆናል። ጎረቤትሽ የጻፈልሽ የምስክርነት ደብዳቤ 3 ሰዓት ካለ፣ አንቺ 9 ካልሽ፣ አንዳችሁ ዋሽታችኋል ተባለ። ቀንም እንደዚያው። ልዩነቱን «ሰባት ዓመት» ብለው በጅምላ የሚያሰሉ አሉ። መስከረም 2015 ዓ.ም በፈረንጅ 2022 ነው። ጥር 2015 ዓ.ም ግን 2023 ገብቷል፤ ልዩነቱ ስምንት ሆነ። መስከረም 1 እንኳ ሁልጊዜ 11 ላይ አይውልም፤ የ2016 አዲስ ዓመት የዋለው ሴፕቴምበር 12 ቀን 2023 ነው። ስለዚህ ከጠበቃሽ ጋር ቁጭ በሉና የእያንዳንዱን ቀን የኢትዮጵያውንና የፈረንጁን ጎን ለጎን ጻፉ። የቀበሌ መታወቂያ፣ የፍርድ ቤት መጥሪያ፣ ያለሽን ሰነድ ሁሉ የሚተረጉምልሽ ሰው ቀኑ በኢትዮጵያ አቆጣጠር መሆኑን በግልጽ ያስፍር። ሰነድ ወደ እንግሊዝኛ ወይም ወደ ፈረንሳይኛ ተተርጉሞ፣ ተርጓሚው የፈረመበት መግለጫ ተያይዞ ነው የሚቀርበው። የጥገኝነት ቅጽሽም ከመፈረምሽ በፊት በአማርኛ ተነብቦልሽ መሆን አለበት። «ኧረ እንግሊዝኛ ትችላለች» ተብሎ ከታለፈ አሁኑኑ አስነብቢው። ስህተት ካለ ከችሎቱ በፊት ማስተካከል ይቻላል።

ወሬ ይወጣል ላልሽው፦ የስደተኛ ችሎት ዝግ ነው፤ ሕዝብ አይገባም። አስተርጓሚው በምስጢር ጠባቂነት የታሰረ ነው። ያም ሆኖ ሞንትሪያል ያለው አበሻ ስንት ነው፣ ፍርሃትሽ ይገባኛል። ብዙ ችሎቶች አሁን በቪዲዮ ስለሚካሄዱ አስተርጓሚው ሌላ ከተማ ያለ ሊሆን ይችላል። የተመደበውን ሰው የምታውቂው ከሆነ፣ ወይም በአገር ቤት ጉዳይ አቋሙን ስለምታውቂ የምትፈሪው ከሆነ ከመጀመራችሁ በፊት ተናገሪ። አንቺን ይመለከት አይመለከት አላውቅም፣ ግን ሴት ልጅ ላይ የሚደርስ ጥቃት በታሪክሽ ውስጥ ካለ ሴት አስተርጓሚና ሴት ዳኛ እንዲመደቡልሽ መጠየቅ ይቻላል። ቦርዱ ለእንዲህ ያለ ጉዳይ የተለየ መመሪያ አለው። እኛ «ጉዳት አደረሱብኝ» ብለን በሽፍንፍን ነው የምናልፈው። ሲተረጎም ቁስል ብቻ ሆኖ ይቀራል። አፍሽ እምቢ ካለ በጽሑፍ ለጠበቃሽ ስጪ።

ካልጋሪ ልሂድ ወይ? ጥገኝነት ጠያቂ የት እንደሚኖር በአብዛኛው ራሱ ነው የሚመርጠው። ልጅሽ እዚያ በእንግሊዝኛ ይማራል። ጊዜያዊ የጤና ሽፋንሽም የፌዴራል ስለሆነ አብሮሽ ይሄዳል። ዌልፌሩና በመንግሥት የሚከፈለው ጠበቃ ግን የፕሮቪንስ ናቸው፤ እንደ አዲስ ትጀምሪያለሽ። ችሎቱ ወደዚያ እንዲዛወር የምትፈልጊ ከሆነ ማመልከቻው ቢያንስ ከ20 ቀን በፊት መድረስ አለበት። አድራሻሽን ደግሞ ለቦርዱም ለኢሚግሬሽንም ሳትውይ ሳታድሪ ማሳወቅ አለብሽ። ደብዳቤ ሳይደርሰው ቀርቶ ኬሱ እንደተተወ የተቆጠረበት ሰው ጥቂት አይደለም። እኔን ከጠየቅሽኝ፣ ሥራ ወይም የሚይዝሽ ዘመድ ካለ ሂጂ። ለቋንቋው ብለሽ ብቻ ከሆነ ግን፣ ችሎትሽ ቀርቦ ጥሩ ጠበቃ ይዘሽ ሳለ አትነቃነቂ። ጥገኝነትሽ ሲመዘን ፈረንሳይኛ ትችያለሽ ወይ ብሎ የሚጠይቅሽ የለም። ተቀባይነት ካገኘሽ በኋላ ለቋሚ ነዋሪነትም የቋንቋ ፈተና የለብሽም። ለዜግነት ነው የሚመጣው፤ ዕድሜው ከ18 እስከ 54 የሆነ ሰው መናገርና ማዳመጥ ላይ ደረጃ 4 ይጠየቃል። በእንግሊዝኛ ወይም በፈረንሳይኛ፣ ኩዊቤክ ብትኖሪም ምርጫው ያንቺ ነው። ዜግነት የማን ነው? የፌዴራል።

የእህትሽ ነገር ደስ ብሎኛል። እኛ አገር ፈረንሳይኛ እንግዳ አይደለም። የፈረንሳይኛ ማስተማሪያው አሊያንስ አዲስ አበባ ላይ ከ1907 ጀምሮ አለ። ለገሃር የምንለው ስምም የፈረንሳዮቹ «ላ ጋር» ነው፤ ባቡር ጣቢያ። ግን ልጆቻችን «ምን ያደርግልሻል» እየተባሉ ነው የተማሩት። አሁን ያደርጋል።

የሙያ ስደተኞች የሚመረጡበት የፌዴራሉ ኤክስፕረስ ኢንትሪ አመልካቾችን በነጥብ ያወዳድራል። አራቱም ክህሎት ላይ፣ ማለትም መናገር፣ መስማት፣ ማንበብ፣ መጻፍ፣ በፈረንሳይኛ ደረጃ 7 ያመጣ ሰው ተጨማሪ ነጥብ አለው። እንግሊዝኛው ደረጃ 5 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ 50፣ ከዚያ ካነሰ 25። ከ2023 ወዲህ ደግሞ ለፈረንሳይኛ ተናጋሪዎች ብቻ የሚወጣ «አመልክቱ» የሚል ጥሪ አለ። አጠቃላዩ ጥሪ ከ500 ነጥብ በላይ በሚጠይቅበት ጊዜ፣ የፈረንሳይኛው ከ400 በታች የወረደባቸው ጊዜያት ነበሩ። ምክንያቱ ከኩዊቤክ ውጭ ያለው ፈረንሳይኛ ተናጋሪ ማኅበረሰብ እየሳሳ መሄዱ ነው። ከኩዊቤክ ውጭ ከሚገቡት ቋሚ ነዋሪዎች ውስጥ 4.4 በመቶው ፈረንሳይኛ ተናጋሪ ይሁን የሚለው ግብ ለዓመታት ሲከሽፍ ቆይቶ በ2022 ተሳካ፤ ለ2024 ግቡ ወደ 6 በመቶ ከፍ አለ።

ልብ አልሽ? ይህ መንገድ ከኩዊቤክ ውጭ ለመኖር ላሰበ ሰው ነው። ኩዊቤክ የሙያ ስደተኞቿን በ1991 ስምምነት መሠረት ራሷ ትመርጣለች፤ የራሷ ማመልከቻ አላት። እንግሊዝኛ ያለሽ አንቺ ሞንትሪያል ፈረንሳይኛ ስትማሪ፣ ፈረንሳይኛ ያላት እህትሽ በፈረንሳይኛዋ ካልጋሪ ልትገባ ትችላለች። የአክስታችሁ ልጅ ይህን ሲሰማ ምን እንደሚል ንገሪኝ።

እህትሽ የምትፈተነው ቴፍ ካናዳ ወይም ቴሴኤፍ ካናዳ ነው። የአሊያንስ ሰርተፍኬት ብቻውን አይቆጠርላትም። የፈተናው ውጤት የሚያገለግለው ሁለት ዓመት ነው፤ የዲግሪዋ ግምገማ ግን አምስት ዓመት ይቆያል። ስለዚህ ግምገማውን አሁን ታስጀምር፤ ፈተናውን ዝግጁ ነኝ ስትል ትቀመጥ። ቅጹ ላይ የቤተሰብ ስም የሚለው ቦታ ሲደርስ ደግሞ ፓስፖርቷ ላይ ያለውን ልክ እንዳለ ታስገባ፤ የአያትና የአባት ስም አቀያይሮ በሁለት ስም የገባ ሰው ሲያስተካክል ወራት ይፈጅበታል።